«አደጋውን በግማሽ ይቀንሳል» ሲሉኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጀማሪ ሐኪም፦

ሰላም ለሁላችሁም። ያስጨነቀኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። የምታውቁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሥራ ከጀመርኩ ብዙ አልሆነኝም። ወደ ክፍላችን የመድኃኒት ኩባንያ ሜዲካል ሪፖች (መድኃኒቱን ለሐኪም የሚያስተዋውቁ ወኪሎች) ይመላለሳሉ። ደግ ልጆች ናቸው። የእያንዳንዳችንን ስም ያውቃሉ። ተረኛ ሆነን ስናድር ደውለው እንዴት አደራችሁ ይሉናል። ምሳ ይጋብዙናል፣ እየበላን ስላይድ ያሳዩናል።

ባለፈው ያየሁት ስላይድ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ስለ አንድ አዲስ የልብ መድኃኒት ነበር። «አደጋውን በ50 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለው። ከሥሩ ሁለት ዘንጎች ቆመዋል፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጠጋ ብዬ ሳየው የግራፉ ቁጥር ከዜሮ አይጀምርም። «ከ100 ሰው ስንቱን ነው የሚያድነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሪፑ ፈገግ ብሎ «ወረቀቱን እልክልሃለሁ» አለኝ። እስካሁን አልላከልኝም።

ከሪፑ ይልቅ የገረመኝ የሲኒየሮቼ ነገር ነው። ማንም ምንም አልጠየቀም። አንዱ እንዲያውም በኋላ ጠርቶኝ «ልጁን አታፋጠው፣ መረጃ እያመጣልን ነው» አለኝ። አሁን ደግሞ ያው ኩባንያ ለአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሊልከኝ እንዳሰበ ሰምቻለሁ። ትኬቱም ሆቴሉም በእነሱ ነው።

ግልጽ ውሸት ቢያሳዩኝ እምቢ ማለት አይከብደኝም። የሚያሳዩኝ ግን በጆርናል ታትሞ የወጣ ጥናት ነው። እውነት ከሆነ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እንዴትስ ነው የምጠይቀው?

ፋርማሲስቷ፦

ወንድሜ፣ መልሱ ረዘም ስለሚል ታገሰኝ። እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። አንድ መድኃኒት ወደ ሆስፒታላችን ዝርዝር ይግባ አይግባ ብሎ የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። ሪፖች ሲያቀርቡ መስማት የዘወትር ሥራዬ ነው። የሚቀርብልኝ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የሚያስቸግረኝ ከብዙ እውነቶች መካከል የትኛው ተመርጦ እንደመጣ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ካየኸው ስላይድ ልጀምር። ሊፒተርን ታውቀዋለህ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ በጋዜጣ ሲተዋወቅ «የሃርት አታክን አደጋ በ36 በመቶ ይቀንሳል» ይል ነበር። ከ36ቱ አጠገብ ትንሽ ኮከብ አለች። ኮከቧን ተከትለህ ወደ ታች ስትወርድ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገር ታገኛለህ። በአንድ ትልቅ ጥናት ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን) ከወሰዱት 3 በመቶው፣ ሊፒተር ከወሰዱት ደግሞ 2 በመቶው ሃርት አታክ ያዛቸው ይላል። ልዩነቱ እንግዲህ ከ100 ሰው አንድ ሰው ነው። ጥናቱ ሰዎቹን ከሦስት ዓመት በላይ ተከታትሏል። ያን ሁሉ ጊዜ 100 ሰው በየቀኑ ክኒን ውጦ አንዱ ከሃርት አታክ ዳነ ማለት ነው። 97ቱ ባይወስዱትም አይያዙም ነበር። ሁለቱ ወስደውትም አልቀረላቸውም። 36 በመቶውም ልክ ነው፣ አንዱ ሰውም ልክ ነው። በትልቁ የተጻፈው የቱ እንደሆነ ግን አየህ።

ማስታወቂያዎቹ ላይ ይታይ የነበረው ሮበርት ጃርቪክ ነው፣ በሰው ሠራሽ ልብ የሚታወቀው። የሕክምና ዲግሪ አለው፤ በሽተኛ ለማከም የሚያስችል ፈቃድ ግን አልነበረውም። የአሜሪካ ምክር ቤት ጥያቄ ካነሳ በኋላ ኩባንያው ማስታወቂያዎቹን 2008 ላይ አነሳቸው።

ይህን ስል መድኃኒቱ አይረባም ማለቴ እንዳይመስልህ። በጣም የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ። ከ100ው 20ው ሃርት አታክ ሊይዛቸው የሚችል በሽተኞች ካሉህ፣ 36 በመቶ ቅናሽ ማለት ሰባት ሰው ገደማ ማዳን ነው። ከ100ው አንዱ ብቻ የሚያሰጋው ከሆነ ግን አንድ ሰው ለማዳን 280 ገደማ ሰው መድኃኒቱን መውሰድ አለበት። መቶኛው ያው ነው። ስለዚህ መቶኛውን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ለየትኛው በሽተኛህ ማዘዝ እንዳለብህ ገና አልነገረህም። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥቅሙን በመቶኛ ቅናሽ ያወሩህና የጎንዮሽ ጉዳቱ ላይ ሲደርሱ «ከ1000 ሰው ሁለት ብቻ» ይሉሃል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ስሌት አስነግራቸው።

ቀጥሎ «ከምን ጋር ተወዳድሮ?» በል። ለጨጓራ የምናዝዘው ኦሜፕራዞል እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚተያዩ ሁለት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። የኦሜፕራዞል ፓተንት (ብቻውን የመሸጥ መብቱ) ሊያልቅ ሲል፣ 2001 ላይ፣ ያው ኩባንያ ኔክሲየምን አወጣ። ኔክሲየም ከሁለቱ ሞለኪውሎች አንዱ ብቻ ነው። ይበልጣል ለማለት ከቀረቡት ጥናቶች መካከል የአዲሱን 40 ሚሊግራም ከአሮጌው 20 ሚሊግራም ጋር ያወዳደሩ አሉ። በእጥፍ መጠን! እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ስላይዱ ላይ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን ሚሊግራሙንም እይ።

«በጆርናል የታተመ ነው» ስላልከው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። 2008 ላይ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዘንድ የተመዘገቡ 74 የድብርት መድኃኒት ጥናቶችን ወስደው ከታተመው ጋር አስተያዩ። 38ቱ ጥሩ ውጤት ነበራቸው፣ ከነሱ 37ቱ ታትመዋል። የቀሩት 36ቱ ውጤታቸው መጥፎ ወይም አጠራጣሪ ነበር። ከነዚህ 22ቱ ጭራሽ አልታተሙም። 11ዱ የታተሙት ተሳክቶላቸዋል በሚያስብል አቀራረብ ነው። እንደነበሩ የወጡት 3 ብቻ ናቸው። ጆርናል እያነበበ የሚያዝ ሐኪም ጥናቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ተሳክቷል ብሎ ያምናል። ምን ያድርግ? እጁ ላይ ያለው እሱ ነው።

ሁሌ የሚያናድደኝ ግን የአንዲት ደብዳቤ ነገር ነው። 1980 ላይ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣች፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት። ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ማስታገሻ ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል ሱስ እንደያዛቸው የተመዘገበው 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ማስታገሻውን ቤታቸው ወስደው ለወራት ስለሚውጡ ሰዎች አንድም ቃል የላትም። ኦክሲኮንቲን የሚባለው ናርኮቲክ ማስታገሻ 1996 ላይ ገበያ ሲገባ ይህች ደብዳቤ በየጽሑፉ ትጠቀስ ጀመር። 2017 ላይ ሲቆጠር 608 ጊዜ ተጠቅሳ ተገኘች። አብዛኞቹ የጠቀሷት ሱስ ብዙም አያሰጋም ለማለት ነው። ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ የጠቀሱት ግን ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። የኦክሲኮንቲን ባለቤት ፐርዱ 2007 ላይ ስለ ሱስ አደጋው በማሳሳት ጥፋተኝነቱን አምኖ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እስከዚያ በማስታገሻ ሱስ ስንት ቤት እንደፈረሰ አንተም ታውቃለህ። እነዚያ ሁሉ ሐኪሞች ስላይዱ ግርጌ ያለችውን የምንጭ ቁጥር ተከትለው ደብዳቤዋን ቢከፍቱ ኖሮ አንብበው ለመጨረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር።

የቀድሞ ሪፕ፦

ዶክ፣ እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከወዲያኛው በኩል ያለውን ልንገርህ። ለዓመታት ሪፕ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁን ሌላ ሙያ ላይ ነኝ።

ልጁ ወረቀቱን ያልላከልህ ተንኮለኛ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። እሱም ሳያነበው ይሆናል። ሥልጠና ስንገባ የምናጠናው የተዘጋጀ ስላይድና የተዘጋጀ መልስ ነው። ሐኪሙ «ውድ ነው» ካለ እንዲህ በል። «የጎንዮሽ ጉዳቱ ያሳስበኛል» ካለ እንዲህ በል። አለቃችን እንደ ሐኪም ሆኖ ያፋጥጠናል፣ እኛ እንመልሳለን። መልሱ አፋችን ላይ እስኪለምድ እንደጋግመዋለን።

እንዲህ ያለው ሥልጠና የት ሊያደርስ እንደሚችል ማየት ከፈለግህ ቫዮክስን ተመልከት። መርክ 1999 ላይ ያወጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ ነበር። 2000 ላይ 8,000 ገደማ ሰው የተሳተፈበት ጥናት ታተመ። ቫዮክስ የወሰዱት ናፕሮክሲን የሚባል የቆየ ማስታገሻ ከወሰዱት ይልቅ በብዙ እጥፍ ሃርት አታክ ይዟቸዋል። ኩባንያው «ቫዮክስ ጎድቶ ሳይሆን ናፕሮክሲን ልብ ስለሚጠብቅ ነው» አለ። 2005 ላይ በአሜሪካ ምክር ቤት የወጡትን የኩባንያውን ሰነዶች ካየህ የሪፖቹ ሥልጠና እዚያ አለ። «ዶጅ ቦል ቫዮክስ» የሚባል ጨዋታ ነበራቸው፣ «ዶጅ» ማለት መሸሽ ነው። ሐኪሞች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተጽፈውበታል፣ የልብ ጉዳይ አንዱ ነው። 2001 ላይ ደግሞ ስለዚያ ጥናት ራሳቸው ወሬ እንዳይጀምሩ መመሪያ ወረደላቸው። መድኃኒቱ በሴፕቴምበር 2004 ከገበያ ወጣ። በዓለም ዙሪያ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ከወሰደው በኋላ ማለት ነው። ኩባንያው 2007 ላይ የተጎጂዎችን ክሶች ለመዝጋት 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እነዚያ ሪፖች በር እያንኳኩ ፈገግ ሲሉ አብዛኞቹ የሚሉትን ያምኑ ነበር ብዬ ነው የማስበው። እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

የዕለት ተዕለቱን ልንገርህ። ተመልሰን ስንመጣ «ዶክ፣ ስንት በሽተኛ ላይ ጀመርከው?» የምንለው ወሬ ለማሟሟቅ አይደለም። «እስቲ ሁለት ሰው ላይ ልሞክረው» ካልክ ተመዝግቧል። በሚቀጥለው ከዚያ እንነሳለን። ናሙና የምንሰጠውም እንዲሁ በስሌት ነው። በናሙና የተጀመረ በሽተኛ ናሙናው ሲያልቅ ያንኑ ይገዛል። ለስብሰባ ተናጋሪ ስንፈልግ ጁኒየሮች የሚሰሙትን፣ ስሙ የተከበረውን እንመርጣለን። አድማጮቹን ለማሳመን ብቻ አይደለም። ተናጋሪው ራሱ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን አብዝቶ ያዛል። በአደባባይ ያመሰገነውን ነገር ማን ይተዋል?

የጉብኝት ካርዱ ላይ «ሳይንቲስት» የሚል ስላየህም አትዘናጋ። ዴቪድ ፍራንክሊን የሚባል ማይክሮባዮሎጂስት 1996 ላይ ፓርክ-ዴቪስ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ገባ። ሥራህ ለሐኪሞች ሳይንሳዊ መረጃ መስጠት ነው ተብሎ ነበር። ገብቶ ያገኘው ሌላ ነው። ኒውሮንቲን ያኔ የተፈቀደው ለሚጥል በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ለሕመም ማስታገሻ፣ ለባይፖላር፣ ለሌላም ለሌላም እንዲታዘዝ ሐኪሞችን መገፋፋት ነበር። ጥቂት ወራት ሠርቶ ወጣና ክስ መሠረተ። 2004 ላይ ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ 430 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ልጆቹን ግን አትጥላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት 1988 ባወጣው መመዘኛ የሪፕ ዋናው ክፍያ ከሚያመጣው ሽያጭ ጋር በቀጥታ መያያዝ የለበትም ይላል። እኔ በሠራሁበት ቦታ ቦነሱ ከኮታ ጋር ነበር የታሰረው። ወሩ ሊያልቅ ኮታው ያልሞላለት ልጅ ፊትህ ቆሞ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት በሰፊው ያወራልኛል ብለህ አትጠብቅ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

እኔ በዚህ አልስማማም። በሙያው ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። በአንድ ሳህን ምሳ ሕሊናዬን የምሸጥ ሰው አይደለሁም፣ ባልደረቦቼም አይደሉም። ሄፐታይተስ ሲን በጥቂት ወራት የሚያድነው መድኃኒት፣ ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ዕድሜ ሙሉ የሚያኖረው መድኃኒት በእነዚሁ ኩባንያዎች በኩል ነው የደረሰን። ሪፕ ባይነግረኝ ዘግይቼ የምሰማቸው ነገሮች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሲያይ የዋለ ሐኪም ማታ ስንት ጆርናል ያነባል? ጉባኤውንና ሥልጠናውንስ ማን ይክፈል? ወጣቱን ከማስበርገግ ለዚህ መልስ ስጡ።

ፋርማሲስቷ፦

ዶክተር፣ ስለ ጊዜው ያነሱት እውነት ነው። በሱ አልከራከርዎትም። መድኃኒቱን ላገኙት ሰዎችም ክብር አለኝ። ግን መድኃኒቱን የሚያገኘው ክፍልና የሚሸጠው ክፍል የተለያዩ ናቸው፣ ወደ እኛ የሚመጣው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ስለ ምሳው በጥናት የታየ ነገር አለ። 2016 ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት 280,000 የሚጠጉ ሐኪሞችን መዝገብ አይቷል። አራት ባለ ብራንድ መድኃኒቶችን መርጦ፣ በነዚህ ስም የተጋበዘ ሐኪምና ያልተጋበዘ ሐኪም እንዴት እንደሚያዙ አነጻጸረ። አብዛኛው ግብዣ ከ20 ዶላር በታች ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የተጋበዙት እንኳ ያንን ብራንድ ካልተጋበዙት ይበልጥ ያዙ ነበር። ግብዣው ሲደጋገም ማዘዙም ይጨምራል። ጥናቱ ምሳው አሳዘዛቸው ብሎ አያረጋግጥም፣ መድኃኒቱን ቀድሞም የወደዱት ግብዣው ላይ ተገኝተው ሊሆን ይችላል። እሱን ላስቀምጥልዎ። ይህንንም ማየት የተቻለው 2010 ላይ የወጣ ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪም የሚያወጡትን በዝርዝር እንዲያሳውቁ ስላስገደደ ነው።

እኔ ሕሊና መሸጥ ብዬ አልጠራውም። ወዳጅነት ነው። ወዳጅ ያመጣውን ወረቀት ማንም ሰው በጥርጣሬ ዓይን አያነብም፣ እኔም አላነብም። አሜሪካ ውስጥ የኩባንያዎቹ ማኅበር ራሱ ከ2009 ጀምሮ የመድኃኒት ስም ያለበት እስክርቢቶና ኩባያ ለሐኪም እንዳይሰጥ በመተዳደሪያ ደንቡ ከልክሏል። ትንሽ ስጦታ ምንም ካልሆነ ይህን ደንብ ማውጣት አያስፈልጋቸውም ነበር።

የከበሩ ስሞችም አያድኑንም። ፓክሲል ለሚባለው የድብርት መድኃኒት በታዳጊዎች ላይ የተሠራው ጥናት 329 በሚለው ቁጥሩ ይታወቃል። 2001 ላይ ሲታተም ከ20 በላይ ጸሐፊዎች ስም ነበረበት። ለታዳጊዎች ይስማማቸዋል፣ ይሠራላቸዋል አለ። ጽሑፉ ለሪፖቹ ተበተነ። አሜሪካ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ተፈቅዶ አያውቅም። የፓክሲል ባለቤት ግላክሶስሚዝክላይን 2012 ላይ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ ከተከሰሰባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነበር። 2015 ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች የጥናቱን ሙሉ መረጃ አግኝተው እንደገና ሠሩት። ከፕላሴቦ አልተሻለም፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራን ጨምሮ ጉዳቱ ግን በርክቷል። የምናወራው ስለ ልጆች ነው፣ ዶክተር። ጊዜ የለኝም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይከብደኛል።

የታካሚ ልጅ፦

ይቅርታ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እናቴን የማስታምም ልጅ ነኝ። የምትጽፉትን ሳነብ ሆዴ ባባ።

እናቴ ለዓመታት የተስማማት የግፊት መድኃኒት ነበራት። ተቀየረና አዲስ ተሰጣት። «ይሄ ይሻላል» ብቻ ነው የተባልነው። መጀመሪያ በነጻ ነበር፣ በናሙና። ሲያልቅ ግን መግዛት ከበደን። እሷ ደግሞ ለእኔ አዝና፣ ሳትነግረኝ፣ አንዳንድ ቀን እየዘለለች ትውጥ ነበር። እኔ ያወቅሁት ክኒኑ ማለቅ ባለበት ጊዜ ሳያልቅ ቀርቶ ነው። ሐኪሙን ለምን ቀየርከው ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እኛ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው?

ፋርማሲስቷ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ድፍረት አይደለም፣ መብታችሁ ነው። ጥሩ ሐኪም ደግሞ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

በመጀመሪያ ግን በራሳችሁ ምንም እንዳታቆሙ፣ ወደ አሮጌውም በራሳችሁ እንዳትመለሱ። የግፊት መድኃኒት እየዘለሉ መውሰድም በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው። ቀጠሮ እስኪደርስ ሳትጠብቂ ሄደሽ እናትሽ እየዘለሉ እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ንገሪው። የተጻፈውን ሁሉ እየወሰዱ ነው ብሎ የሚያስብ ሐኪም ግፊታቸው አልወርድ ሲል መጠኑን ሊጨምር ይችላል።

ከዚያ እንዲህ በይው፦ «የድሮው ምን ጎድሎበት ነው የተቀየረው?» ከሁሉ በፊት ይህችን። በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ኩላሊት፣ ሳል፣ የእግር እብጠት። ካለ ይነግርሻል፣ አንቺም ልብሽ ያርፋል። ምክንያቱ «አዲስ ነው» ብቻ ከሆነ «የቆየ ተመሳሳይ ጄኔሪክ የለውም ወይ?» በይው። ጄኔሪክ ማለት በብራንድ ስም ሳይሆን በራሱ በመድኃኒቱ ስም የሚሸጠው ነው። የጄኔሪክ ስሙን በወረቀት አስጽፊ። ጥራቱ በተቆጣጣሪ አካል የተረጋገጠ ጄኔሪክ ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው ነው። «ከአቅማችን በላይ ነው» ማለትንም አትፈሪ። ስለ አቅም ካልነገርሽው ሐኪሙ በምን ያውቃል? ብዙዎቹ ስለ ዋጋው ማንም ስላልነገራቸው ብቻ ነው ሳያውቁ የሚያዙት።

ወደ ፋርማሲ ስትሄጂም ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ሥራችን ነው።

ጀማሪ ሐኪም፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእህታችንን ታሪክ ሳነብ ክፍላችን ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደረው ናሙና ትዝ አለኝ። ለማን እንደተሰጠና ሲያልቅ ምን እንደሚሆን የሚከታተል ሰው የለንም።

ለክፍል ኃላፊያችን አንድ ሐሳብ ላቀርብ ነው። ሪፕ ከመምጣቱ በፊት ዋናው ጥናት ይላክልን፣ አንዳችን አንብበን የራሳችንን አጭር ማብራሪያ እናቅርብ፣ ከዚያ ሪፑ ይናገር። ምሳው ይቅር። ሲኒየሮቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ያነሱት የጊዜ ጉዳይም በዚህ ይቃለላል ብዬ አስባለሁ፣ ሁላችንም ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብንማ።

የጉባኤውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ፋርማሲስቷ፦

እኔ ብሆን በነሱ ትኬት አልሄድም። ኩባንያው ለሥልጠና መክፈል ከፈለገ ገንዘቡን ለሆስፒታሉ ይስጥ፣ ማን እንደሚሄድና የት ጉባኤ እንደሚሄድ ሆስፒታሉ ይምረጥ። በዚህ ከተስማሙ ጥሩ። ካልተስማሙ የፈለጉት ትምህርቱን ሳይሆን አንተን ነው።

የቀድሞ ሪፕ፦

ቃሏን ልዋስና፣ እህታችን ያለችውን አድርግ። ከአዲስ ሐኪሞች መካከል የሚመረጠው ወይ ብዙ የሚያዝ ነው ወይ ብዙ የሚጠይቅ። አንተ ግራፉን ጠይቀሃል።

ወረቀቱን ደግሞ እንደገና ጠይቅ፣ አሁን ግን በጽሑፍ። ለሪፑ ሳይሆን ለኩባንያው የሕክምና መረጃ ክፍል ላክ። ሪፑ ከጸደቀለት ስላይድ ውጭ እንዲናገር አይፈቀድለትም። ያኛው ክፍል ግን ከሐኪም በጽሑፍ ለሚመጣ ጥያቄ የሚመልስ ነው። ከወረቀቱ ጋር የጥናቱን የምዝገባ ቁጥር ጠይቅ። ቁጥሩን ይዘህ የክሊኒካል ጥናቶች መዝገብ ውስጥ ግባና ሲጀምሩ ምን ሊለኩ እንዳሰቡ እይ። ታትሞ ከወጣው ጋር አስተያየው። ጥናት 329 ላይም ሲታተም ጎልቶ የወጣው መጀመሪያ ሊለኩ ያሰቡት ውጤት አልነበረም። ያንተም እንደዚያ ሆኖ ካገኘኸው ሁለቱን አትመህ ጎን ለጎን ለክፍልህ ስብሰባ አቅርብ፣ ሪፑም ባለበት።